ተርፏል አሉኝ

የሰው እጅ ሲነክሱ መጀመሪያ የሚቀመሰው ጨው ነው። ደሙ ቆይቶ ይመጣል። ይህን ያወቅሁት ፔሩ፣ ኩስኮ በምትባል ከተማ፣ የባሌን ጉሮሮ ባነቀ ልጅ እጅ ላይ ነው።

ባሌ አዶኒያስ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። እኔ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ የምንኖረውም እዚያው አካባቢ ነው። የእሱ ሺፍት ሲያልቅ የእኔ ይጀምራል። አንድ ላይ ተቀምጠን የምንበላው እሑድ ከቸርች መልስ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቬኬሽናችንን አጠራቅመን አንድ ላይ አወጣነው። ተራራ እንውጣ ያለው እሱ ነው። አንድ ተሳፋሪ ፔሩ ያለውን የሳልካንታይ ተራራ ፎቶ በስልኩ አሳይቶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ተወ።

አብራኝ የምትሠራው ቲና የቦሊቪያ ሰው ናት። ተራራ እንደምንሄድ ስነግራት «ዝም ብላችሁ እንዳትወጡ። መጀመሪያ ኩስኮ ተቀመጡና ከተማውን እዩ፤ ሳንባችሁ ይልመድ» አለችን።

አዶኒያስ ሳቀባት። «አብርሆት፣ ንገሪያት እንጂ። እኛ የእንጦጦ ሥር ልጆች ነን በያት። ከፍታ የሚይዘው ፈረንጅን ነው።»

«ከእንጦጦ ከወረድክ ስንት ዘመንህ ነው? አሁን የፖቶማክ ወንዝ ዳር ሰው ነህ» አልኩት።

ኩስኮ በደረስንበት ቀን የሆቴሉ ደረጃ እኩሌታ ላይ ሻንጣውን ለቆ ቁጭ አለ። ከንፈሩ ጠቁሯል። «እንጦጦ ከዳኝ» አለኝ። ሳቄ ራሱ ትንፋሽ አሳጠረኝና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። የሆቴሉ ሴትዮ የኮካ ቅጠል ሻይ ይዛልን መጣች፤ ደረጃው ላይ እንደተቀመጥን ጠጣን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ጥሩ ነበሩ። ቀስ እያልን ነበር የምንሄደው፣ እንደ ሽማግሌዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘን። ጥንት ያለ ጭቃና ያለ ስሚንቶ የተገጣጠሙትን ትልልቅ ድንጋዮች አየን። አዶኒያስ የሜትሮ ካርዱን አውጥቶ በሁለት ድንጋይ መካከል ሊያስገባው ሲታገል ዘበኛው ፊሽካ ነፋበት። ገበያው ውስጥ ከአልፓካ ፀጉር የተሠራ ቀይ ሹራብ ገዛልኝ። «ተራራው ላይ ብትጠፊ ከሩቅ እንዳይሽ» አለኝ።

የተራራው ጉዞ በማግስቱ ጠዋት ሊጀመር፣ ከከተማው በላይ ያለውን ፍርስራሽ አይተን ስንወርድ ዝናብ ያዘን። ገና አልጨለመም። አዶኒያስ እጁን ዘርግቶ ታክሲ አስቆመና ከፊት ገባ። ልማዱ ነው። እዚህም ኡበር ሲጠራ ከሹፌሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ «እኔም ሹፌር ነኝ፣ ሰውየውን አሽከሬ አላስመስለውም» ይላል። እኔ ከኋላ ገባሁ። ወዲያው «እኔም ሹፌር፣ ባስ፣ ትልቅ ባስ» እያለ በእጁ መሪ ማዞር ጀመረ። ሰውየው ሳቀለት።

ትንሽ እንደሄድን መኪናው ጥግ ይዞ ቆመና አንድ ወጣት የኋላውን በር ከፈተ። ሌላ አገር ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፣ ወይም ይወርድ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ያደግሁ ነኝ፤ ታክሲ መንገድ ላይ ሰው ሲጨምር ምን ይገርመኛል? ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠጋ አልኩለት። ልጁ «ግራሲያስ» ብሎ አመሰገነኝ። የተማሪ ፊት ነው ያለው፤ ከቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለው። ሹራቡ የረጠበ በግ ይሸታል።

አዶኒያስ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ይህ ሰውዬ መንገዱን ሳተ፣ ከተማው በግራ ነው እኮ» አለ። ከዚያ ሌላ ቃል ከአፉ አልሰማሁም።

ልጁ ግራ ክንዱን በመቀመጫው ላይ አሳልፎ የአዶኒያስን ጉሮሮ ቆለፈና ወደ ኋላ ጎተተው። ሹፌሩ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው የባሌን ኪስ ይፈትሻል። ሁሉን ውሰዱ እንዳይል ድምፅ የለውም። ከጉሮሮው የሚወጣው ውሃ የጠፋበት ቧንቧ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። እግሩ የፊቱን መስታወት ረግጦ ሰነጠቀው። የልጁን ክንድ በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ፊቱን ቧጨርኩት፤ አልተሰማውም። ጎንበስ ብዬ እጁን ነከስኩት፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለውን ሥጋ። ጥርሶቼ እስኪገናኙ ነከስኩት። ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ጮኸ።

ክንዱ ሲላላ አዶኒያስ ትንፋሽ ሳበና ሹፌሩን በክርኑ አፍንጫው ላይ መታው። መኪናው ግንብ ገጭቶ ቆመ። ልጁ የታመመ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ በቀኝ እጁ ከሹራቡ ሥር ካቻቢቴ አወጣ። በመቀመጫውና በበሩ መካከል አሳልፎ ባሌን ጎኑ ላይ ወጋው። ነቀለና ደግሞ ወጋው። ካርቶን ሲበሳ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ዛሬም ሥራ ቦታ ካርቶን ሲከፍቱ ከክፍሉ እወጣለሁ። ልጁን በፀጉሩ ይዤ ጎተትኩት። ሹፌሩ በሬን ከፍቶ እኔን በፀጉሬ ይዞ አወጣኝ። ድንጋይ ይሁን ጫማ አላውቅም፣ ጭንቅላቴን መታኝ። ክንዴን ረገጠው፤ ሲሰበር ሰማሁት። መሬት ላይ ሆኜ ያየሁት የመጨረሻ ነገር የአዶኒያስ እጅ ነው። በተከፈተው የፊት በር ተንጠልጥሎ፣ ዝናብ እየመታው፣ ጣቶቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ።

ስነቃ ሆስፒታል ነበርኩ። ጭንቅላቴ ተሰፍቷል፣ ክንዴ ታስሯል። «ባሌስ?» እላለሁ፤ ነርሶቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። ቋንቋ ስለማንግባባ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ እሱን መልስልኝ። ከመለስክልኝ በማንም ላይ አፌን አልከፍትም። የወጋውንም የመታኝንም ይቅር ብያለሁ። እሱን ብቻ መልስልኝ።» ይህን ስል ቀልዴን አልነበረም። ከእግዚአብሔር ጋር ቃል ተጋባሁ።

ጋሽ ብርሃኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጡልኝ። የአዶኒያስ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታቸው ሲሞት እሱን ያሳደጉት፣ ኋላም ወደ አሜሪካ ያመጡት እሳቸው ናቸው። በቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሰው ሲሞት መርዶ የሚያረዱ። ወደ ክፍሌ ሲገቡ ፊታቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸው ገና እርጥብ ነበር።

«ጋሼ፣ አዶኒያስስ?»

«ተርፏል» አሉኝ።

የተሰበረ ክንዴን ረስቼ ልነሳ ስል ያዙኝ። «ሊማ ትልቅ ሆስፒታል ወስደውታል። ኦፕራሲዮን ሆኗል። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ስላለ መናገር አይችልም። በእጁ ሰላም በላት አለኝ።»

«በእጁ እንዴት አድርጎ?»

«እንዲህ» አሉና ጣቶቻቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ።

ካየሁት ጋር አንድ ስለሆነ አመንኩ። ትራሱን ነክሼ በደስታ አለቀስኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፖሊሶች አንድ ልጅ ይዘናል፣ ነይና ለይ አሉኝ። እንግሊዝኛ የምትችለው የሆቴሉ ሴትዮ ልታስተረጉም አብራን መጣች። እኔ የማላውቀው፣ ጋሽ ብርሃኔ ሁሉንም አስቀድመው ለምነው ነበር፤ በእኛ ባህል ሞት የሚነገረው አገር ቤት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፣ እሷን ስለ ዝርፊያው ብቻ ጠይቋት ብለው። ሐኪሙም ጭንቅላቷ ተጎድቷል፣ አታስደንግጧት ብሎ ነበር። ስለዚህ ማንም መግደል የሚለውን ቃል አልተናገረም።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት አጭር ሴትዮ ባርኔጣዋን በእጇ ጨብጣ ቆማለች። ሳልፍ ተንበርክካ ቀሚሴን ያዘች። የልጁ እናት ነበረች። ፖሊሱ በክንዷ አንስቶ ገፈተራት፤ ግድግዳው ላይ ተጋጨች።

ከመስታወቱ ወዲያ ወጣቶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገዋል። ወዲያው አየሁት። ያ የተማሪ ፊት፣ ያ ጠባሳ፣ ጉንጩ ላይ የእኔ ጥፍር መስመር። አፌ ውስጥ ጨው መጣ።

የሆቴሉ ሴትዮ «የትኛው ነው?» አለችኝ።

ቃሌን አሰብኩ። እግዚአብሔር የእሱን ፈጽሟል፤ የቀረው የእኔ ነው።

«እዚህ ውስጥ የለም» አልኩ።

ጋሽ ብርሃኔ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «አብርሆት፣ ልብ ብለሽ እዪ እንጂ።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። «ጋሼ፣ ቢገኝስ ምን ይጨምርልናል? አዶኒ ተርፎ የለም?»

መስታወቱን አዩ። እኔን አዩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ።

«አዎ» አሉ። «ተርፏል።»

«እንግዲያው የለም።»

ፈረምኩ። ስንወጣ ለእናትየዋ ፈገግ አልኩላት።

ሊማ ስንደርስ ልየው ስል ጋሽ ብርሃኔ «ከእኛ ቀድሞ በአምቡላንስ አውሮፕላን ሄዷል፤ ሜሪላንድ ሆስፒታል ነው የምታገኚው» አሉኝ። አውሮፕላን ውስጥ የሰጡኝን ሁሉ በላሁ። የእንጦጦውን ቀልድ ነገርኳቸው። ጋሽ ብርሃኔ ሳቁ፤ ሳቁና በሶፍት ፊታቸውን ሸፈኑ። ደስታ መሰለኝ። አዶኒያስ በዚያው አውሮፕላን ነበር የመጣው። እኔ ከላይ ዶሮ በሩዝ ስበላ እሱ ከእግሬ ሥር፣ ከሻንጣ ጋር ነበር።

ሌሊት ስለደረስን ሲልቨር ስፕሪንግ ጋሽ ብርሃኔ ቤት አደርን። ባለቤታቸው እትዬ ታደለች እግሬን አጥባ አስተኛችኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። ጠዋት ሆስፒታል ሊወስዱኝ አይደል ብዬ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ቀዩን ሹራብ በአንድ እጄ ታግዬ ለበስኩ። እንዲያየኝ።

መንገዱ ላይ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ደግሞ ሌላ። ሁሉም ቀስ ተደርገው ነው የሚዘጉት። በመስኮት ሳይ ጥቁር የለበሱ ሰዎች መኪናቸው አጠገብ ቆመው ይጠባበቃሉ። ይህን አቆማም አውቀዋለሁ። እኔም በርክ የምትባል ከተማ ድረስ ሄጄ፣ የሥራ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ ሰው እስኪሞላ እንዲህ ቆሜ አውቃለሁ። መርዶ ነው።

እናቴ መሰለችኝ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ። እየጮህኩ ሳሎን ገባሁ። «እማዬ ናት? ንገሩኝ፣ እማዬ ናት አይደል?»

ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዙኝ። የቸርቻችን ፓስተር አያሌው መጽሐፍ ቅዱሱን እንደጨበጠ «እናትሽ ደህና ናቸው፣ የኔ እህት» አለኝ።

«ታዲያ ማነው?»

ሁሉም ቀዩን ሹራብ ያያል። ከዚያ ሁሉም ጋሽ ብርሃኔን አየ።

«ተርፏል ብለውኛል እኮ» አልኩ።

ጋሽ ብርሃኔ በጉልበታቸው ወደቁ። «እዚያው መኪናው ውስጥ ነው ያለፈው፣ አብርሆት። አንቺን ከመሬት ሳያነሱሽ።»

ጠረጴዛው ላይ ለለቀስተኛ ሻይ የተሞላ ትልቅ ፔርሙስ ነበር። በደህናው እጄ አንስቼ ብርሃኔን አፉ ላይ መታሁት። ጥርሱ ምንጣፉ ላይ ረገፈ። ደግሞ መታሁት፤ ክዳኑ ተፈናጥሮ ሻዩ አንገቱን ላጠው። አልሸሸም፣ እጁንም አላነሳም። «አንተ!» አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። «አንተ! አውቄው ነበር! መስታወቱ ውስጥ አይቼው ነበር! ተርፏል ስላልከኝ ለቀቅሁት! ባሌን የገደለውን በአፌ ለቀቅሁት!» ሴቶቹ ከላዩ ሲያላቅቁኝ የራሴ ስፌት ተተረተረ፤ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የአንዷን ክንድ ነከስኩ። ማንን እንደነከስኩ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ ብዬው አላውቅም።

ቀብሩ እንዳለፈ ሥራ ቦታችን ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብለን ቲና ኩስኮ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በስፓኒሽ ኮል አደረገችልኝ። ዐቃቤ ሕጓ ሴት ናት። ልጁ እኔ በፈረምኩበት ቀን ተለቋል፤ ሹፌሩ ከመጀመሪያውም አልተያዘም። አሁን እሱ ነው ልበል አልኩ። ቲና አዳምጣ አስተረጎመችልኝ፤ «መጀመሪያ የለም ብለሻል፤ አሁን ባልሽ ሲቀበር አለ ብትዪ የልጁ ጠበቃ ይስቅብሻል። እንደተዋሸሽ የዋሸሽ ሰው ራሱ ይናገር፣ ትላለች።»

በማግስቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። ብርሃኔ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

«ዋሸሁ አልልም» አለኝ። የፊት ጥርስ ስለሌለው ቃሉ ያፏጫል። «መርዶ ነው ያቆየሁት። አባቶቻችን ያደረጉትን ነው። ብቻሽን፣ ሰው አገር፣ ጭንቅላትሽ ተሰፍቶ እንዴት ልንገርሽ?»

«ሆስፒታል ውስጥ ባልከኝ አልጣላህም። መስታወቱ ፊት ስጠይቅህስ?»

የአንገቱን ፋሻ ይነካካ ጀመር።

«ስጠይቅህስ፣ ብርሃኔ?»

«አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ። እንዴት ልመልሰው?» አለ። «ደግሞም የቸርች ሽማግሌ ነኝ። በሰው አገር መንግሥት ፊት ውሸታም ነኝ ብዬ ልመስክር?»

«ካልመሰከርክ የቀሩህንም ጥርሶች አረግፋቸዋለሁ።»

እትዬ ታደለች ከኩሽና ወጣች። እጇ ሊጥ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ወንድምህን አዝለህ አሳድገኸዋል» አለችው። «የወጋው ሰው ገበያ እየዞረ ነው። አንተ እዚህ ተቀምጠህ ለስምህ ታለቅሳለህ። ተነስ፣ አለበለዚያ እዚህ ቤት ማዕድ ላይ ከአንተ ጋር አሜን አልልም።»

ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ እኔ ቤት መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር። ቲና ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ዐቃቤ ሕጓ ስሙን ጠየቀችው፣ ከዚያ ባሏ በሕይወት እንዳለ ነግረሃታል ወይ አለችው። ብርሃኔ ስለ ባህላችን ጀመረ። ስለ አባቶች፣ ስለ ንጋት፣ ዘመድ ስለሚሰበሰብበት ምክንያት። ቲና እየተከተለች ታስተረጉማለች። ሴትየዋ እጇን አነሳች።

ቲና «አዎ ወይስ አይደለም፣ ትላለች» አለችው።

ብርሃኔ መሀረቡን አውጥቶ አፉን ጠረገ። ከታች የልጆች ኳስ ድምፅ ይሰማል።

«አዎ» አለ። «ወንድሜን ሬሳ ቤት አየሁት። ጎኑን ቆጠርኩት፣ ስንት ቦታ እንደተበሳ። ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩና ተርፏል አልኳት። ፖሊስ ጣቢያም ተርፎ የለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ልጁ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ነበር። እውነቱን ብነግራት እዚያው እጆቼ ላይ የምትሞት መሰለኝ። ፈራሁ። ተርፏል አልኳት። የለቀቀችው እኔ ስለዋሸኋት ነው። ዋሽቻታለሁ።»

ቲና ቃል በቃል አስተረጎመች። ሴትየዋ ጻፈች፤ ከዚያ አንድ ፎቶ ስክሪኑ ላይ አመጣች። ልጁ በተያዘ ቀን የተነሳ ነው አለች። ግራ እጅ ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሥጋው አብጦ ተቀዷል፤ ግማሽ ክብ፣ ከሥሩም ሌላ ግማሽ ክብ። ከላይኛው መስመር አንድ ቦታ ክፍት ነው። እኔም እዚያው ጋ ከልጅነቴ ጀምሮ ጥርስ የለኝም።

«የእኔ ጥርስ ነው» አልኩ። «እሱ ነው። አንቆ የያዘውም እሱ ነው፣ የወጋውም እሱ ነው።»

ዐቃቤ ሕጓ የመያዣ ትእዛዝ እንደምታወጣ ነገረችን። ልጁ የት እንዳለ ግን አይታወቅም፤ እናቱም ሰፈሩን ለቃለች።

ብርሃኔ ከወንበሩ ተነስቶ አጠገቤ ቆመ። ክንዴን ሊነካ እጁን ዘረጋና መለሰው። «አብርሆት፣ አንቺስ ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታዬን ኩስኮ ጨርሼዋለሁ» አልኩት።

ኮፍያውን ይዞ ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቲና ላፕቶፑን ልታጥፈው ስትል እጇን ያዝኳት። የልጁ እጅ ገና ስክሪኑ ላይ ነበር።